የኤሌክትሪክ መኪና፦ ከታክሲ ወንበር እስከ ጀበና ቡና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጋራዥ ደጃፍ፣ ከታክሲ ውስጥና ከቡና ዙሪያ የተለቀሙ ናቸው፤ ግማሹ ለሳቅ፣ ግማሹ ከምር የተጠየቀ።

መብራት ሲጠፋ መኪናውም ይጠፋል?

አይጠፋም። መኪናው የሚሄደው ባትሪው ውስጥ ባጠራቀመው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ እሱ መብራቱን ቦግ አድርጎ ያልፋል። እንዲያውም አንዳንድ ሞዴሎች ከባትሪያቸው ወደ ውጭ ኃይል መስጠት ስለሚችሉ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያስነሳሉ። ኳስ ባለበት ማታ መብራት ከሄደ ጎረቤቱ በሙሉ የማን ግቢ እንደሚሰበሰብ መገመት አያስቸግርም።

ችግሩ ሌላ ነው፤ መኪናውን ሰክታችሁ በተኛችሁበት ሌሊት መብራት ከሄደ ጠዋት የምታገኙት የማታውን ባትሪ ነው። ቀዩ መብራት ካልበራ ማደያ የማይፈልግ ሹፌር ይህን ልማዱን ቤንዚን መኪናው ላይ ትቶት ቢመጣ ይሻለዋል። ባትሪው ግማሽ ሲሆን የሚሰካ ሰው ግን አንድ ሁለት ሌሊት መብራት ቢጠፋበትም ሥራው አይስተጓጎልም።

የቤንዚን መኪና ማስገባት እውነት ተከልክሏል? ያለኝንስ ይወስዱብኛል?

የሚወስድባችሁ የለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ያሳወቀው ውሳኔ አዲስ የሚገባውን አውቶሞቢል የሚመለከት ነበር፤ ኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚ ተብላ በየዜናው የተነሳችው በዚሁ ነው። ምክንያቱ የተደበቀ አይደለም። ቤንዚኑም ናፍጣውም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው። ከክልከላው በፊትም ቢሆን የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር።

ያለችው ቪትዝ እንደ ድሮዋ ትነዳለች። ብቻ የቪትዝ ባለቤቶች ዜናውን ከሰሙ ወዲህ ንብረታቸውን መኪና ማለት ትተው ቅርስ ማለት ጀምረዋል።

ገና ያልተፈተነ ቴክኖሎጂ አይደለም? እኛ ላይ ነው እንዴ የሚሞከረው?

ከቤንዚን መኪና እኩል ያረጀ ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያ የሆነው መኪና በባትሪ የሚሄድ ነበር፤ የነዳውም ካሚል ዠናትዚ የሚባል ቤልጅጋዊ ነው፣ በ1899 እ.ኤ.አ.። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳ ባሏ ቤንዚን መኪና በገፍ እያመረተ እሷ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የሚባል የባትሪ መኪና ትነዳ ነበር። ከቤት ሰው በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

ያን ጊዜ ከገበያ ያስወጣው የነዳጅ መርከስ፣ የፎርድ ሞዴል ቲ ዋጋ ዝቅ ማለትና በ1912 እ.ኤ.አ. ቤንዚን መኪና ላይ የተገጠመው ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከዚያ በፊት ቤንዚን መኪና የሚነሳው ማኑዌላ በእጅ ተዙሮ ስለነበር ክንድ ይሰብር ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናን የገደለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው ማለት ነው። የተመለሰው ደግሞ ሊቲየም ባትሪ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሜራና በስልክ በኩል አድርጎ ረክሶና በርትቶ ከመጣ በኋላ ነው።

ከቤት ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ይቻላል። ተራ ሶኬት 220 ቮልት በ10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከዜሮ ለመሙላት 27 ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይደነግጣል፤ ግን ማንም በየቀኑ ከዜሮ አይሞላም። ማታ 2 ሰዓት ተሰክቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲነቀል 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ገብቶለታል፤ ይህም ከተማ ውስጥ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ከሰሚት መርካቶ ተመላልሶ ይተርፋል።

የሚያሳስበው ገመዱ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ልብስ ማስጫውን አልፎ ተንጠልጥሎ የወረደ ኤክስቴንሽን ታያላችሁ፤ ጫፉ ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን ተቀጥሎ፣ መጋጠሚያው ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ተጠቅልሎ። ያ ገመድ የተሠራው ለስልክና ለቴሌቪዥን ነው። 10 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ሲያልፍበት መጋጠሚያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እሳት ነው። ራሱን የቻለ መስመር ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ ማስዘርጋት፣ ብሬከርና የመሬት ሽቦ (አርዝ) ማስገባት የግድ ነው። ለመኪናው ሚሊዮኖች ከፍሎ ለኤሌክትሪሺያኑ መከራከር የተለመደ ነገር ሆኗል፤ እኔ ግን አይገባኝም።

አንዴ ከሞላ ስንት ይሄዳል? ሻጩ ያለኝን ልመን?

አትመኑ። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ላይ የተጻፈው ቁጥር የቻይና መለኪያ ሲሆን፣ አለካኩ ቀርፋፋና ለስላሳ አነዳድን ስለሚከተል ከአውሮፓው መለኪያ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ከተጻፈው ላይ ከአራት እጅ አንዱን ቀንሳችሁ ዕቅዳችሁን በቀረው ብታወጡ መንገድ ላይ አትቀሩም።

ሌላው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ ከቤንዚኑ ተቃራኒ ነው። የቦሌ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ብዙም አይበላም፤ ፈጣን መንገድ ላይ በ120 ስትለቁት ግን ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ወደ አዳማ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስላለ ቁጥሩ ያስደስታል፤ ስትመለሱ ያንኑ ዳገት ትከፍሉታላችሁ። ሚኒሶታ ያለ ዘመድ "ክረምት ላይ ግማሽ መንገድ ያስቀራል" ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ባትሪ በረዶ አይወድም። አዲስ አበባን ግን ያ አያሰጋትም።

ከከተማ ርቆ መሄድን በተመለከተ ቀልዱም ስጋቱም ልክ ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚውል ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ጥርጥር ያዋጣል፤ ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው ግን በየመንገዱ ፈጣን ቻርጀር እስኪደራጅ የሌሊት እንቅልፍ ያሳጣል።

ዝናብ ሲመታው ኤሌክትሪኩ አይዝም? መብረቅስ?

የባትሪው ሳጥን የታሸገ ነው፤ አብዛኞቹ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ እንዳያስገቡ ሆነው የተፈተኑ ናቸው። መኪናው ውኃ እንደገባ ካወቀ ከፍተኛውን ቮልት ራሱ ይቆርጣል። ያ ማለት ግን በሐምሌ ጎርፍ ውስጥ እንደ ጀልባ ይነዳ ማለት አይደለም።

መብረቅን በተመለከተ "ጎማ ስላለው አይመታም" የሚባለው ትክክል አይደለም። ከደመና መሬት ድረስ አየሩን ሰንጥቆ ለመጣ መብረቅ የጎማ ውፍረት ምኑም አይደለም። የሚያድነው ቆርቆሮው ነው፤ ኃይሉ በውጭው ብረት አልፎ መሬት ይገባል፣ ውስጥ ያለው ሰው ይተርፋል። ይህ ለቤንዚኑም ለኤሌክትሪኩም እኩል ይሠራል።

መኪናዋ ለምን ቻይንኛ ታወራለች?

ለእኛ ስላልተሠራች። አስመጪዎች ካስገቧቸው ብዙዎቹ ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተመረቱ ናቸው፤ ስክሪኑም፣ ድምፁም፣ ካርታውም የዚያው ነው። በር ስትከፍቱ "ኒሃው" ትላለች፣ ቀበቶ ካላሰራችሁ ትቆጣለች፣ ምን እንዳለች ግን እግዜር ይወቀው። አንድ ሹፌር መሪው ኋላ ቀይ ጽሑፍ በርቶበት መንገድ ዳር አቁሞ፣ የስልኩን መተርጎሚያ ደግኖ ላብ በላብ ሲሆን አይቻለሁ። ትርጉሙ ሲወጣ "የኋላ በር አልተዘጋም" ነበር።

አንዳንዶቹን በሶፍትዌር ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጨርሶ አይቀየሩም፤ ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ። ከቋንቋው በላይ ግን መሰኪያውን እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ የሚባለውን ሶኬት ይጠቀማል፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ2 ነው፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም። የስልክ መተግበሪያውም ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል።

እንጦጦን ይወጣል?

ከቤንዚኑ በተሻለ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሠራው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይም እንጦጦ ማርያም ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ቪትዝ አንደኛ ማርሽ ገብታ በምታቃስትበት ቦታ እሱ ዝም ብሎ ያልፋል።

500 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ በትርፍ ይበላል። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ ከዚያ ላይ ከግማሽ በላዩን ይመልሳል። ታዲያ ከላይ ሰፈር የምትኖሩ ሰዎች ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል አትጀምሩ። የሞላ ባትሪ የሚመጣለትን አይቀበልም፤ መኪናውን የሚይዘው ተራው ፍሬን ብቻ ይሆናል፣ ያልለመደ ሹፌርም ይደነግጣል።

ዓባይ በረሃም ሕጉ ያው ነው፣ መጠኑ ይለያል እንጂ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ባትሪው ይጨምራል፤ ወደ ደጀን ስትወጡ ግን ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሜዳ ላይ 30 ኪሎ ሜትር የሚያስኬዳችሁን ያህል ኃይል ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ቁጥሩን አይታችሁ አትዘናጉ።

ጎማው ላይ ዲናሞ ብንገጥምለት እየሄደ ራሱን ቻርጅ አያደርግም?

ይህ የጥያቄዎች ሁሉ ንጉሥ ነው። "ይሄን ያህል ሊቅ ባለበት ዓለም እንዴት ይሄን አላሰቡም?" ብሎ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ያልገጠመው የለም። ሐሳቡን ቀስ ብለን እንከተለው። ዲናሞውን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩን የሚያዞረው ባትሪው ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው። ከራሱ ተበድሮ ለራሱ ከነወለዱ የሚከፍል ሰው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቅብብል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ ዲናሞው ከሚያስገባው ይልቅ እሱን ለማዞር የሚወጣው ይበልጣል። ዲናሞ የተገጠመለት መኪና ካልተገጠመለት ያነሰ መንገድ ይሄዳል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው መብራት ያለው የድሮ ብስክሌት ይፈልግ፣ ጎማው ላይ ተደግፎ የሚዞር ትንሽ ዲናሞ ያለውን። ዲናሞው ጎማው ላይ ሲለጠፍ ፔዳሉ ወዲያው ይከብዳል፤ መብራቱ የሚበራው በእግራችሁ ጉልበት ነው። ጣራ ላይ ማራገቢያ ተክሎ በንፋሱ ቻርጅ ማድረግም መጨረሻው ይኸው ነው፤ ንፋሱን ያመጣው የመኪናው ሩጫ ራሱ ነውና።

ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ መግጠም ግን ሌላ ነው፣ ኃይሉ ከውጭ ይመጣልና ፊዚክስ አይቃወመውም። ብቻ ጣራው ትንሽ ነው። ሁለት ካሬ ሜትር ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ 400 ዋት ቢሰጥ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ ውሎ የሚያስገባው ለአሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ በቂ ነው፤ መኪናው ግን ጥላ አጥቶ ውስጡ ዳቦ ሲጋገርበት ይውላል።

አልነሳ ካለ ገፍተን እናስነሳዋለን?

የለም። ፍሪሲዮንም ማርሽም ስለሌለው መግፋት ላብ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን "ሞተ" የሚባለው መኪና ትልቁ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ኮፈኑ ሥር ያለችው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ወርዳበት ነው። ኮምፒውተሩንና በሮቹን የምታስነሳው እሷ ናት። እንደ ማንኛውም መኪና በገመድ ከሌላ መኪና ኃይል ትቀበላለች፤ ዋጋዋም የተለመደው ነው።

በገመድ አስሮ መጎተት ግን ይቅር። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ጎማ መሬት ላይ እየዞረ ሲጎተት ሞተሩ ሳይጠየቅ ኃይል ማመንጨት ይጀምራል፣ ዕቃውንም ያቃጥላል። ጭኖ የሚወስድ መኪና ጥሩ።

ሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ ቢነዳ የህዳሴ ግድብ ይችለዋል?

እንቁጠረው። አንድ መኪና በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መቶ ሺህ መኪና ሲሆን 700 ሜጋ ዋት ሰዓት ነው። ግድቡ የተተከለለት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ስለሆነ፣ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ይህን የሚያመነጨው ከዘጠኝ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ሁልጊዜ በሙሉ አቅም አይሠራም፤ ይሁን፣ ግማሽ ሰዓት በሉት። ዓባይ ላይ ያለው ኃይል አያንሰንም።

የሚያንሰው ከግድቡ እስከ ሰፈራችን ያለው ነው። ለሃምሳ አባወራ ምጣድ ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር ማታ 2 ሰዓት ላይ ምጣዱም ሳይቀር አሥር መኪና ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን የሰፈር ሰው ከኢንጂነር በላይ ያውቃል። ቻርጁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር በመኪናው ስክሪን ላይ ማዘዝ ይቻላል፤ ለጎረቤትም ጽድቅ ነው።

ድንገት ይቃጠላል የሚባለውስ?

ከቤንዚን መኪና ይልቅ በብዛት አይቃጠልም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ብቻ ሲቃጠል ቪዲዮው አገር ይዞራል፣ እሳቱም ቶሎ አይጠፋም፣ ጠፋ ከተባለ ከሰዓታት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ጭስ ወይም የፈነዳ ነገር ካያችሁ ወጥታችሁ ራቁ፤ በባልዲ ውኃ ጀግንነት አያዋጣም። ብረትና ፎስፌት ያለበት የባትሪ ዓይነት ኒኬል ካለበት ይልቅ ሙቀት ይችላል።

ባትሪው ስንት ዓመት ይኖራል? ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

በአማካይ በዓመት ሁለት በመቶ ገደማ አቅሙን ያጣል። ከአሥር ዓመት በኋላም መኪናው ይሄዳል፤ የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል እንጂ። የሚጎዳው ሙቀት፣ ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር መሙላትና ለቀናት 100 በመቶ ሞልቶ ማቆም ነው። አዲስ አበባ ለባትሪ የተመቸች ከተማ ናት፤ ሰመራ አይደለችም። ኒኬል ያለበትን በየቀኑ እስከ 80 በመቶ መሙላት ይበቃል፣ ፎስፌት ያለበትን ግን በየሳምንቱ አንዴ እስከ 100 ማድረስ ይመከራል፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ይስታል።

ያገለገለ ስትገዙ ቀለሙንና ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ የባትሪውን ጤና በመቶኛ የሚያሳይ ምርመራ በማሽን አስደርጉ። ፋብሪካው የሚሰጠው የስምንት ዓመት ዋስትና በግል አስመጪ ለገባ መኪና እዚህ ላይሠራ ስለሚችል፣ ሻጩ "ዋስትና አለው" ሲላችሁ ማን፣ የት፣ በምን ወረቀት ብላችሁ ጠይቁ።

ቻይናዎቹ በመኪናው አይሰልሉንም?

ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ሲም ካርድና የአቅጣጫ መፈለጊያ ያለው ዕቃ ሁሉ መረጃ መላክ ይችላል፤ ሥጋቱ ባዶ አይደለም። አሜሪካ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከቻይና ጋር የተያያዘ የመኪና ሶፍትዌር ከገበያዋ የሚያግድ ደንብ አውጥታለች። ቻይና ደግሞ ከዚያ በፊት በ2021 ቴስላ ወደ ወታደራዊ ቅጥር ግቢዎቿ እንዳይገባ ከልክላለች። ሁለቱም የሚፈሩት አንዱ የሌላውን መኪና ነው።

ለእኛ ቢጤ የሚሻለው ስልኩን ከመኪናው ጋር ስናገናኝ የስም ዝርዝሩንና መልእክቱን እንዲወስድ አለመፍቀድ፣ ስንሸጠውም ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው። ያገለገለ መኪና ገዝተው የቀድሞውን ባለቤት "ቤት" የሚል አድራሻና የእናቱን ስልክ ቁጥር አብረው የተረከቡ ሰዎች አሉ፤ ይሄኛው ስለላ ቤጂንግ ድረስ አያስኬድም።